የሐረጎ ቁልቁለትና የመካኒኩ ወረቀት



ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ቁልቁለት ሐረጎ ነው። አሥር ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ይህን ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 190 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ አንድ በርሜል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የተወሰነው በነፋስና በጎማ ይባክናል። ቀሪውን ሹፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ከያዘው ሞተሩ ይሸከመዋል፤ በእግሩ ብቻ ከያዘው ግን የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ ይቀበሉታል።

እንግዲህ በዚህ መንገድ የሚወርደውን መኪና ፍሬን ትናንት የነካው ማን ነው? ኮሌጅ ገብቶ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ተፈትኖ ሰርተፊኬቱን በፍሬም ግድግዳ ላይ የሰቀለው ወጣት ነው? ወይስ ከልጅነቱ ጀምሮ ከመኪና ሥር ያልወጣው፣ ወረቀት የሚባል ነገር የሌለው ሰው? ተሳፋሪው አይጠይቅም። ባለንብረቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውንና መቼ እንደሚያልቅ ነው። የዛሬው ዝግጅት ይህንኑ ጥያቄ ያነሳል።

በዚህ አካባቢ የመኪና ጥገና ከትምህርት ቤት አልጀመረም፤ ከመንገድ ነው የጀመረው። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴ ከገባ በኋላ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚዘልቀውን መንገድ፣ እንዲሁም ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ አሰብ የሚደርሰውን ሠራ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ከአሰብ ወደብ የሚወጣው ጭነት በሚሌና በባቲ አቋርጦ ኮምቦልቻ ላይ ዋናውን መንገድ ይገናኝ ነበር። ከአፋር በረሃ ሙቀት የወጣ ባለተሳቢ ፊያት ኮምቦልቻ ሲደርስ አንድ ነገሩ ሳይጎድል የሚደርስበት ቀን ጥቂት ነበር፤ ባሌስትራው ይሰበር፣ ጎማው ይፈነዳ፣ ራዲያተሩ ያፈስ ነበር። ጎሚስታውም፣ በያጁም፣ ቶርኖ ቤቱም፣ ባትላሜራውም የተተከሉት ይህን ጭነት ተከትለው ነው። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ በር ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ ብዙውም ከሚሌ ወደ አዋሽ ማቅናት ጀመረ። መንገዱ ቢቀዘቅዝም ሙያው ግን እዚያው ቀረ።

ያ ሙያ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደተላለፈ ማየት ይበጃል። ልጁ ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚይዘው መጥረጊያና ናፍጣ የተነከረ ጨርቅ ነው። ቀጥሎ ቁልፍ አቀባይ ይሆናል። ከመኪናው ሥር «አሥራ አራት ቁጥር!» የሚል ድምፅ ሲወጣ አሥራ ሦስት ካቀበለ ቁልፉ ተመልሶ ወደ እሱ ይወረወራል፤ አንዳንዴም ከስድብ ጋር። ከዚያ ጎማ ማውለቅ ይመጣል፣ ከዚያ ዘይት መቀየር፣ ከዚያ የፍሬን ሸራ። ፍሪሲዮን ለማውረድ ሲፈቀድለት ጢም ማብቀል ጀምሯል። ቴስታታ እንዲከፍት የሚፈቀድለት ደግሞ ጋሼ የሚለው ባለሙያ ሲያምነው ብቻ ነው፤ የመተማመኛው ቀን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት የሚሰጠው ችሎታ ቀላል አይደለም። የሞተር ድምፅ የተለወጠበት ሚኒባስ ሲመጣ አንድ የደሴ አሮጌ መካኒክ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። ረጅም ካቻቢቴ ያነሳል፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፤ እጀታውን ጆሮው ሥር ይለጥፋል። ዲናሞው ላይ ያደርገዋል፣ ያዳምጣል። ውሃ ፓምፑ ላይ ያዛውረዋል፣ እንደገና ያዳምጣል። ከዚያ «ኩሽኔታው ነው» ብሎ ይነሳል፤ ሲፈታም ኩሽኔታው ሆኖ ይገኛል። ቁልቁለት የወረደ መኪና ሲቆም ደግሞ የመዳፉን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ ያደርጋል። ከሌሎቹ ይልቅ የጋለው ጎማ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ያልለቀቀው ነው። ለዚህ መሣሪያ አልገዛም፣ የምረቃ ዳቦም አልቆረሰም።

እጅ የማይደርስበት ቦታ ግን አለ፤ ሐረጎ ደግሞ ቦታውን ያሳያል።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የተለመደ ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ መስፈርቱ ያዝዛል፤ ውሃ ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መፍያ ግን 140 ዲግሪ ነው። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ይዞ ሐረጎን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሚኒባስ ወደዚህ ሙቀት ሊጠጋ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ሹፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። እግዚአብሔር ወይም አላህ ረድቶት በማርሽና በእጅ ፍሬን ኮምቦልቻ ደረሰ እንበል። ጋራዥ እስኪያገኝ፣ ሻይ እስኪጠጣ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ዘይቱ ቀዝቅዟል፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ሆኗል። መካኒኩ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ጠንካራ ነው። የሚንጠባጠብ ነገር ይፈልጋል፤ የለም። ሸራውን ያያል፤ ገና ነው። «ወንድሜ፣ ይኼ መኪና ምንም የለበትም» ይላል፤ በእጁና በዓይኑ እስከመረመረ ድረስ ደግሞ አልዋሸም። ችግሩን ሊያገኘው የሚችለው የፍሬን ዘይት ለምን በየጊዜው ተጠርጎ እንደሚቀየር፣ ሲጎድል ብቻ መሙላት ለምን እንደማይበቃ የተማረ ሰው ነው። ይህ ደግሞ በመዳሰስ አይታወቅም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማስረዳት አለበት።

ተርሞስታትም ሌላው ነው። ሞተር ሲግል ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የታወቀ ዘዴ ነው። በቆላ መንገድ ለጊዜው የሠራ ይመስላል፤ ውሃው ያለማቋረጥ ይዞራልና። ያው መኪና የደሴን ብርድ ማለዳ ሲያገኝ ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ይሄዳል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ እንዲያውም ተርሞስታቱ ሲነሳ ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ በአቋራጭ ስለሚመለስ ሙቀቱ ይብሳል። ከፍታውም የራሱን ይጨምራል። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በመኪናው ውስጥ ከዚያ በላይ ሙቀት ችሎ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝለት ነው። የላላ ክዳን ላይ ፌስታል ጠቅልሎ ወደ ሐረጎ የሚወጣ ሹፌር የራሱን ሞተር በገዛ እጁ እየቀቀለ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያዳመጠ ሰው ዝግጅቱ ወደ ባለወረቀቱ ያደላ ሊመስለው ይችላል። ጨርሶ አይደለም።

ባለወረቀቱ የሚወድቅበትም ቦታ አለው። የዛሬ መኪኖች ብልሽታቸውን በኮምፒውተር ይናገራሉ፤ የሞተር መብራት የበራባት ቪትዝ ላይ ስካነር ሲሰካ ፒ0171 የሚል ኮድ ይወጣል እንበል። የኮዱ ትርጉም ለገባው አየር የደረሰው ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። የተበላሸውን ዕቃ ግን አይነግርም። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮም ሊሆን ይችላል። ኮዱን የዕቃ ስም አድርጎ ያነበበ ጀማሪ የኦክስጅን ሴንሰር አስገዝቶ ይቀይራል፤ መብራቱ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ይበራል። ስካነር ነክቶ የማያውቀው አሮጌው መካኒክ ደግሞ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ጠጋ ሲያደርግ ስስ የሆነ የፉጨት ድምፅ ሰምቶ ቱቦውን በጣቱ ይይዘዋል።

ጭሱም እንዲሁ ነው። በደሴ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው። ተርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር የለመደውን ናፍጣ ይቀበላል፣ የሚያቃጥልበት አየር ግን ያንሰዋል፤ ስለዚህ ጭኖ አቀበት ሲወጣ ጥቁር ያጨሳል። የመማሪያ መጽሐፉ ጥቁር ጭስ ሲያይ ወደ ኖዝልና ወደ ናፍጣ ፓምፕ ይልካል። ይህን መንገድ ሲሠራበት የኖረ ሰው ግን መኪናው ኮምቦልቻ ሲወርድ ጭሱ ይቀንስ እንደሆነ ጠይቆ ሹፌሩን ከማያስፈልግ ወጪ ያድነዋል።

ስለዚህ ክርክሩን ወረቀት ይሻላል ወይስ እጅ ይሻላል ብሎ መክፈት የትም አያደርስም። የሚሻለው ጥያቄ ወረቀቱ ለማን ነው የሚያስፈልገው የሚለው ነው። መካኒኩማ ራሱን ያውቃል። የማያውቀው ደንበኛው ነው።

ይህን ጉዳይ ኢኮኖሚስቶችም ደጋግመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ ባሳተሙት ጽሑፍ ስለ አንድ ለየት ያለ የግብይት ዓይነት አስረዱ። ጤፍ የሚገዛ ሰው ዘግኖ አይቶ ነው የሚገዛው። ምግብ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ጥራቱን ከቀመሰ በኋላ ያውቃል። ጥገና ግን ከሁለቱም አይመደብም፤ ደንበኛው ከፍሎም፣ ነድቶም ላያውቀው ይችላል። መኪናው ተነስቷል፣ ደህና ነው። ነገር ግን የተቀየረው ዕቃ በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር? ወይስ የላላ ሽቦ ጠብቆ ነው የተስተካከለው? ችግሩን የሚነግረውም፣ መፍትሔውን የሚሸጥለትም አንድ ሰው ነው። ሐኪም ቤት እንኳ የሚመረምረውና መድኃኒት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ይለያያሉ።

በዚያው ዓመት ማይክል ስፔንስ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ፣ የትምህርት ማስረጃ ለቀጣሪ እንደ ምልክት እንደሚያገለግል አሳየ። ትምህርቱ ራሱ ብዙ ባይጨምር እንኳ ችሎታ የሌለው ሰው ወረቀቱን ለማግኘት በጣም የሚቸገር ከሆነ ወረቀቱ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ለሁሉም በቀላሉ ከተገኘ ምልክትነቱ ያበቃል። በአገራችን መንግሥት ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የማጣራት ሥራ ደጋግሞ መጀመሩ ይህ ሥጋት የወረቀት ላይ ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ይናገራል።

ደሴና ኮምቦልቻ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ደሴ ላይ የአንድ መካኒክ ደንበኛ ባብዛኛው የከተማው ሰው ነው። ባለሚኒባሱ ሰኞ ገበያ ያገኘዋል፣ ወይ በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ፣ ወይ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ወይ ዕድር ያገናኛቸዋል። ያበላሸ እንደሆነ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ፒያሳ ይደርሳል። ስም ራሱ የመካኒኩ ሰርተፊኬት ነው፤ በየቀኑም ይታደሳል። ኮምቦልቻ ግን የመገናኛ መንገድ ከተማ ናት። ከወልድያ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው፣ ከሚሌ ወጥቶ የሚያድረው ሹፌር መካኒኩን አያውቀውም፤ ሥራው ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ውጤቱን ነገ ሸዋሮቢት ወይም ደብረ ሲና ነው የሚያገኘው። ጭነት ይዟል፣ አስጫኙ በስልክ ይጨቀጭቀዋል። እንዲህ ላለው መንገደኛ የጎረቤት ምስክርነት አይደርስለትም። ወረቀት አንድ ነገር የሚጠቅም ከሆነ የሚጠቅመው ለእሱ ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ትልልቅ ድርጅቶችም በተመሳሳይ ምክንያት የሥራ ማስታወቂያቸው ላይ ደረጃ ይጠይቃሉ፣ ሲኦሲ ያለፈ ይላሉ፤ የሰው ኃይል ክፍሉ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ስም ሊጠይቅ አይችልም።

አገሪቱ ለዚህ ያዘጋጀችው ሥርዓት በወረቀት ላይ ሲታይ መጥፎ አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ በ1996 ዓ.ም. በቁጥር 391 ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 954 ተተካ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ስትራቴጂ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ለወጠው፤ ሰልጣኙ ስንት ዓመት ክፍል ተቀመጠ የሚለው ቀርቶ ምን መሥራት ይችላል የሚለው መለኪያ ሆነ። ሙያዎች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ተከፋፈሉ፤ ሰልጣኙ ለብቻው በተቋቋመ የብቃት ምዘና ይፈተናል። ውጤቱም እንደ ትምህርት ቤት ኤ ወይም ቢ ሳይሆን «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ነው። ዛሬ ዘርፉን የሚመራው በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው።

በአካባቢው ደሴ ውስጥ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ስሙ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት የነበሩት የወይዘሮ ስሂን ነው። ኮምቦልቻም የራሷ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ መሐንዲሶችን ያስተምራል፤ መሐንዲስና መካኒክ ግን የተለያየ ሙያ ነው፣ ዲግሪ ያለው ልጅ ካምቢዮ ማውረድ አልቻለም ብሎ የሚስቅ ጋራዥ ሰውየውን ባልተማረው ሥራ እየፈተነው ነው።

የኮሌጆቹ ሥልጠና የትብብር ሥልጠና ይባላል። ከጀርመን ልምድ የተቀዳ ነው፤ ሐሳቡም ሰልጣኙ ሰባ በመቶ ያህሉን ጊዜ በሥራ ቦታ፣ ሠላሳ በመቶውን በተቋሙ እንዲማር ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሰልጣኙ ወደ ሥራ ቦታ ሲላክ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ከተማው ጋራዥ። ጋራዡ ውስጥ የሚያስተምረውስ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ያ ወረቀት የሌለው ሰው። ተማሪው የሙያውን ሰፊ ክፍል ከእሱ ተምሮ፣ የልምምድ ቅጹን ጋራዡን አስፈርሞ፣ ተፈትኖ ሰርተፊኬት ይይዛል። ከዚያ ማስታወቂያ ሲወጣ ተማሪው ይወዳደራል፤ ያስተማረው ሰው አይወዳደርም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ከተሞቹ እስከ ኅዳር 27 ድረስ በሕወሓት ኃይሎች ሥር በቆዩበት ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ተቋማትና ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል። የመለማመጃ መሣሪያ ያነሰው ተቋም ሰልጣኞቹን ለጋራዡ የበለጠ እንደሚተው ግልጽ ነው።

ጋራዡ ግን ለዚህ ተዘጋጅቷል ወይ? ባለጋራዡ ሰልጣኝ ሲላክለት የሚያየው አንድ የሚያደናቅፍ እጅ ነው። የደንበኛ መኪና ላይ አያስነካውም፤ ካበላሸ የሚከፍለው እሱ ነውና። እንዲህ ሆኖ ሦስት ወር ዕቃ ሲያጥብ የቆየ ልጅ «ልምምድ አጠናቋል» ተብሎ ይፈረምለታል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ባለጋራዡንም ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ለማስተማሩ የሚከፍለው የለምና።

ጀርመን ውስጥ ይህ የሚያዝበት መንገድ ሌላ ነው። የመኪና መካኒክና የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሚባሉት ሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ ተዋህደው፣ ሥልጠናው ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖ፣ ተለማማጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውል ታስሮ ደመወዝ እየተከፈለው ይማራል። ጋራዥ ለመክፈትና ተለማማጅ ለመያዝ ደግሞ በመደበኛነት ማይስተር የሚባለውን የዋና ባለሙያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 መንግሥት ይህን ግዴታ ከ53 ሙያዎች ላይ ሲያነሳ የመኪና ጥገናን አላነሳም። አሜሪካ ግን ሌላ መንገድ ይዛለች፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተውና ኤኤስኢ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ተቋም የሚሰጠው ምስክር ወረቀት በፈቃደኝነት ነው። ፈተናውን ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ በየአምስት ዓመቱም ድጋሚ ያስፈትናል። የሁለቱ አገሮች መንገድ ቢለያይም አንድ ነገር ይጋራሉ፤ በሁለቱም ዘንድ እጁ ያልጠቆረ ሰው ወረቀቱን አያገኝም።

እኛ አገር ላለው ባለሙያ ደግሞ ብዙ የማይነገርለት በር አለ። የ2000 ዓ.ም. ስትራቴጂ ችሎታው የት እንደተገኘ ሳይሆን መኖሩ እንዲመዘን ስለሚል፣ ኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጠ መካኒክም ቀርቦ የብቃት ምዘና ሊወስድ ይችላል። ምዘናው የዕውቀትና የተግባር ክፍል አለው። በተግባሩ እንዲህ ያለው ሰው ወጣቶቹን ጥሎ ሊያልፍ ይችላል። የሚያስፈራው ሌላው ነው፤ የሙያ ደረጃ ሰነዶቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፣ እሱ ፍሪሲዮን ብሎ ያደገበትን ዕቃ ክላች ብለው ነው የሚጠይቁት። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ከልጁ እኩያ ጋር ወንበር ላይ ተቀምጦ «ገና ብቁ ያልሆነ» መባልንም ያፍራል። ኮሌጆቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ማታ ማታ አጭር የንድፈ ሐሳብ ትምህርት፣ በራሱ የጋራዥ አማርኛ ቢያዘጋጁለት የሚያገኙት የተሻለ የልምምድ አስተማሪ ነው። ይህ የዚህ ዝግጅት አዘጋጆች አስተያየት ነው፤ ወጪው ከአዲስ ሕንፃ እንደሚያንስ ግን ማንም አይክድም።

እስከዚያው ባለመኪናው ምን ያድርግ? የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አስመልሶ ይይ። «ምን ተበላሸ?» ብቻ ሳይሆን «በምን አወቅከው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ያወቀ ሰው ለማሳየት አይሰስትም። ቴስታታ ሲታሰር መካኒኩ ቶርክ ሪንች ይይዝ እንደሆነ፣ ቡሎኖቹን ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር በተራ ያጠብቅ እንደሆነ ቆሞ ይመልከት። በርካታ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቡሎኑ በተወሰነ ኃይል ከጠበቀ በኋላ በዘጠና ዲግሪ ተጨማሪ መዞር አለበት፤ ይህን በክንድ ስሜት ብቻ መገመት አይቻልም፣ ክንዱ የፈለገውን ያህል ልምድ ያለው ቢሆንም። ፍሬን ከተሠራ ደግሞ በሜዳው ላይ ሳይሞክር ቁልቁለት አይጀምር።

ሌላም ለውጥ እየመጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱ ተነገረ፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየከተማው እየታዩ ነው። እነዚህ መኪኖች ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተራቸው ጄኔሬተር ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ፍሬኑ ያርፋል። ደሴ ላይ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ሐረጎን የሚጀምር መኪና ግን የሚመልስበት ቦታ የለውም፤ ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ ሳይነካ በከረመው ዲስክ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ይህን በካቻቢቴና በጆሮ የሚለይ ሰው የለም፤ ሞተሩ ድምፅ የለውም። ከአምስት ዓመት በፊት ሰርተፊኬት የወሰደው ወጣትም ስለነዚህ መኪኖች አልተፈተነ ይሆናል። ለጊዜው ሁለቱም እንደገና ቁልፍ አቀባይ ናቸው።

አደጋውም አዲስ ነው። የነዳጅ መኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ መካኒኩ ኃይል እንዳለው ለማወቅ ሽቦ አነካክቶ ብልጭታውን ማየት ለምዷል። የኤሌክትሪክ መኪና ዋና ባትሪ ግን ብዙ ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ እንዲህ ያለው አነካክቶ ማየት ሰው ይገድላል። ጀርመን ውስጥ በነዚህ መኪኖች ላይ የሚሠራ ሰው መካኒክነቱ ብቻ አይበቃውም፤ ለከፍተኛ ቮልት የተለየ ብቃት ይጠየቃል። አሠራሩም የታወቀ ነው። መኪናው ይጠፋል፣ ቁልፉም ርቆ ይቀመጣል። የ12 ቮልቱ ባትሪ ይነቀላል። 1,000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት ይጠለቃል፤ ጓንቱ ከመጠለቁ በፊት አየር ተሞልቶ ቀዳዳ እንደሌለው ይታያል። ዋናው የመቁረጫ መሰኪያ ይወጣል፣ ሌላ ሰው እንዳይመልሰውም መካኒኩ ኪሱ ይከተዋል። ከዚያ በሥርዓቱ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪበርድ አምራቹ ያዘዘው ደቂቃ፣ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር፣ ይጠበቃል። በመጨረሻም ቮልቱ በመለኪያ ይለካል፤ ዜሮ ካላሳየ ማንም እጁን አያስገባም።